ዳገት የማታውቀው መኪና

ቢቸና ውስጥ መኪና ልገዛ ነው ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋውን አይደለም። «ለምን ሥራ?» ነው የሚባለው። ለእህል ነው ካለ ይመረቃል፤ ለሰው ማመላለሻ ነው ካለም ይመረቃል፤ ለሠርግ ላከራያት ቢል እንኳ የሚከፋው የለም። የእኔን መልስ ግን ለማንም ደፍሬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝና ለጎረቤታችን ለእትዬ ጥሩዬ ነገርኳቸው።

«ለደስታ ነው» አልኳቸው።

«የምን ደስታ?»

«ለመታጠፍ። እስከ ሞጣ ያለውን ጥምዝምዝ መንገድ እየታጠፍኩ ለመሄድ፣ እየታጠፍኩ ለመመለስ።»

እትዬ ጥሩዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጸበል ሞክረሻል?» አሉኝ።

ብርቄ እባላለሁ። ያኔ የአንድ እህል ነጋዴ ፒክአፕ እየነዳሁ የምተዳደር ሴት ነበርኩ። መንዳት ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ ጨርሰው፣ ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው ቁልፉን ያስረከቡ ሰው ናቸው፤ ከተማው ዛሬም «ሹፌር ሙላት» እያለ ይጠራቸዋል። ከእሳቸው የወረስኩት መሬት የለም፤ የወረስኩት ኩርባ መውደድን ነው። ልጅ ሆኜ ከጎናቸው ተቀምጬ በቢቸናና በሞጣ መሐል ወዳለው ወንዝ ስንወርድ፣ መኪናው ባጋደለ ቁጥር ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይስቅ ነበር። አድጌ መሪውን ራሴ ስይዝ ያ ሳቅ ጠፋ። ከኋላዬ ሁልጊዜ ጤፍ አለ። ኩርባ በደረስኩ ቁጥር ጆንያው «ቀስ በይ» ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ያለ ጆንያ ያንን መንገድ መታጠፍ አማረኝ። ምኞቴ ይኸው ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ስቆጥብ ኖሬ የያዝኩት ለአንድ ያገለገለች ትንሽ መኪና ብቻ የሚበቃ ነበር። ብሳሳት ሁለተኛ ዕድል የለኝም፤ እንደ ገና ወደ ጆንያዬ መመለስ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን ሞጣ ውስጥ ሁለት መኪናዎች ለሽያጭ እንደ ቀረቡ ሰማሁ። ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም አሮጌ፣ ሁለቱም በአቅሜ ናቸው። አንዷ ነጭ ናት፤ ማርሿን ራሷ የምትቀይር። ሌላዋ አረንጓዴ ናት፤ ማርሿ በእጅ ነው። አባባን ይዤ ሄድኩ።

ስለ አባባ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት ቀሪው ታሪክ አይገባችሁም። አንደኛ፣ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ቀኝ እግራቸው አያርፍም። ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጣሉ፤ በዚያ ቀንም ከቢቸና እስከ ሞጣ የሚኒባሱን ወለል ሲረግጡ ሹፌሩ በጎሪጥ እያየ አደረሰን። «ሹፌር በሰው እጅ አይተኛም» ይላሉ፤ እውነትም ሰው ሲነዳ ዓይናቸውን ከድነው አይቻቸው አላውቅም። ሁለተኛ፣ ጥሩ ቃል ከሰሙ ኪሳቸውን ይረሳሉ። ራሳቸው ቅኔ ቤት አልገቡም፤ ግን ያደጉት ከቅኔ ቤት አጥር ሥር ነው። የቆሎ ተማሪ በመንገድ ላይ ካገኙ ሒሳብ አይቀበሉም ነበር፤ አንድ መልካም ነገር ከተናገረላቸው እስከ ፈለገበት ያደርሱታል። ጎጃም ውስጥ ሰው በሬን ጥርሱን አይቶ ይገዛል፤ አባባን ግን በምላስ ብቻ መሸጥ ይቻላል።

መጀመሪያ ያየነው አረንጓዴዋን ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘይነባ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቤተሰባቸው ሞጣ ከከተመ ዘመን የቆጠረ እናት ናቸው። መኪናዋ የሟች ባለቤታቸው ነበረች። ቀለሟ በፀሐይ ደብዝዞ የደረቀ ጎመን መስሏል። እሳቸውም ሊሸጡልን ሳይሆን ሊያስጠሉን የመጡ ይመስል ጉዷን ይዘረዝሩልን ጀመር።

«የኋላው መስኮት አይወርድም። ሬዲዮው ሲፈልግ ነው የሚናገር። መሪዋ ከበድ ይላል። ደግሞ…» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ደግሞ ቁልቁለት ላይ ታጉረመርማለች። የተደበቀብን ነገር አለ እንዳትሉኝ። እኔ እፈራታለሁ።»

አባባ በክንዳቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ካምቢዮዋ አልቋል ማለት ነው» አሉኝ በጆሮዬ። «ማርሽ የሚያቅፈው ጥርስ ተበልቷል። በይ ወደዚያችኛዋ እንሂድ።» ለወይዘሮ ዘይነባ «እናስብበት» ብለን ወጣን። ሲነግሩን ስለ ዋሉት እውነት አንድም ሰው አላመሰገናቸውም።

ነጯ ሙሽራ ነበረች። አዲስ ቀለም፣ አዲስ የወንበር ልብስ፣ ጎማዋ ሳይቀር በጥቁር ቀለም ተኳኩሏል። የሚሸጣት ይትባረክ የሚባል ደላላ ነው፤ ከደላላነቱ በፊት ቅኔ ቤት ቆይቶ የወጣ፣ ንግግሩ እንደ ማር የሚጣፍጥ ጎልማሳ። አባባ «በጤናዋ ነች?» ብለው ጠየቁት። ይትባረክ መልሱን ከመናገሩ በፊት ኮቱን አስተካከለ።

«አባባ፣ እኔ ዋሽቼ አልሸጥም፤ ያስተማሩኝ አባቶች አፅም ይፋረደኛል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። ይህች መኪና ዳገት አታውቅም።»

አባባ ዓይናቸውን ከደኑ። ቃሉን በምላሳቸው ላይ ሲያዞሩት አየኋቸው። «ዳገት አታውቅም!» አሉ። «ሰማሽ ብርቄ? ዳገት አይከብዳትም አላለም፤ ዳገት መኖሩንም አታውቅም አለ እንጅ። ዘረፈው!» ቅኔ ማሳመር በእኛ አገር መዝረፍ ይባላል፤ አባባ ማድነቃቸው ነበር።

«ደግሞ የነዳት ሁሉ አይረሳትም» ብሎ ጨመረበት ይትባረክ።

በሞጣ ጎዳና ነዳኋት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሄደ። ድምፅ የላትም፣ መሪዋ በጣት ይዞራል፣ ማርሽ ሲቀየር እንኳ አይታወቅም። ስንመለስ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ የእኛ ሰው የሽያጭ ጠረን ካሸተተ ገበያ ባይሆንም ገበያ ያደርገዋል። ይትባረክ የአባባን ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ያዘና ወደ ላይ ከፍ አደረገው። ይህን የበሬ ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ መዳፍ መዳፍን ከመታ ነገሩ አለቀ። ወረቀት ኋላ ይመጣል። እጅ መትቶ ማፈግፈግ ስምን እዚያው ገበያ ላይ ጥሎ መሄድ ነው፤ አባባ ደግሞ እንኳን እጅ መትተው፣ ጥቅሻ ሰጥተውም አፈግፍገው አያውቁም።

እጃቸው በአየር ላይ እንዳለ ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እንደ ገና ጮኸ። ዳገት አታውቅም። ዳገት አታውቅም። ልጅ ሆኜ አባባ በመሪው ላይ ሆነው ያስተማሩኝ ትዝ አለኝ፤ «ቃል ሲጣፍጥሽ ሰሙን ልሰሽ አትቅሪ፣ ወርቁን ፈልጊ» ይሉኝ ነበር። እኔ ዋና አላውቅም። ዋና አላውቅም ስል ግን ውኃ ይቀለኛል ማለቴ አይደለም፤ ብገባ እሰምጣለሁ ማለቴ ነው።

«አባባ፣ ቆዩ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ዳገት ካላወቀች መጀመሪያ እናስተዋውቃት።»

አንድ ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። የአባባ እጅ እዚያው እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። ይትባረክ በግማሽ ከንፈሩ ፈገግ አለና «ሰዓቱ ሄዷል እኮ፣ ደግሞስ ነዳጁ…» ማለት ጀመረ።

«ምን ችግር አለ? አንተው ዳገት አታውቅም አላልክም?» አሉ ሽማግሌው።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንቢ ማለት አልቻለም። እኔ መሪውን ያዝኩ፣ አባባ ከጎኔ፣ ይትባረክ ከኋላ። ከከተማው ወጣ ብሎ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሸለቆው የሚወርድበት ቦታ አለ። ወርደን እንወጣለን አልኳቸው።

ስንወርድ ጸጥ አለች። ያ ጸጥታ መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። በኋላ ግን ጸጥ ብላ እየፈጠነች መሆኑን አየሁ። የሚይዛት የእኔ እግር ብቻ ነው። ፍሬን፣ ኩርባ፣ ፍሬን፣ ኩርባ፣ አሁንም ፍሬን። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ገባ። ቀጥሎ ፔዳሉ እግሬ ሥር ለሰለሰ፤ ስረግጠው እንደ ጭቃ ወደ ውስጥ ሰመጠ።

«ያዣት» አሉ አባባ።

«አልያዝ አለች።»

አባባ ወለሉን በቀኝ እግራቸው ደለቁት። ከኋላዬ ይትባረክ በግዕዝ መጸለይ ጀምሮ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሁለት ትርጉም አልነበረውም። ማርሹን ወደ ዝቅተኛው ጎተትኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ ትንሽ ዘግየት አለች። የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ ሳብኩ፤ በአንዴ ብስበው እንደምትገለበጥ አውቃለሁ። ከፊታችን ያለው ኩርባ ደረሰ። ከዳር በኩል ገብቼ ወደ ውስጥ አጠፍኳት፣ ጎማዋ አለቀሰ፣ ዞረች። ከኩርባው ቀጥሎ ጠጠር የተደፋበት ሰፊ ዳር ነበር። እዚያ ላይ አስገባኋት። ጠጠሩ እየተንኮሻኮሸ ያዘን፣ ቆመች።

ሞተሩን አጠፋሁ። ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር፤ ግን ከፍርሃቱ ሥር ያ ድሮ የጠፋብኝ ሳቅ ሆዴ ውስጥ ሲነቃ ሰማሁት። ያንን ኩርባ ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ወደ ላይ መለስናት። ትውውቁ አላማራትም። የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ፣ ከአፍንጫዋ እንፋሎት ወጣ፣ ቆመች። ጥቂት አርፋ ትንሽ ሄደች፣ እንደ ገና ቆመች። አህያ የሚነዱ አንድ ገበሬ ደርሰውብን አለፉ፤ ለማለፍ እንኳ አልቸኮሉም።

«ምን ሆናችሁ?» አሉን።

«ከዳገት ጋር እያስተዋወቅናት ነው» አሉ አባባ።

ከተማ ስንገባ ይትባረክ አንገቱን ደፍቶ «አልዋሸሁም እኮ አባባ» አለ። «ከመጣች ጀምሮ ከሞጣ ወጥታ አታውቅም።»

«አልዋሸህም» አሉ አባባ። ከመኪናዋ ወርደው ዱላቸውን ተደገፉ። «ጥሩ ቅኔ ነው። መጥፎ መኪና ናት። እኔም ዘረፈ ብዬ ሳደንቅ፣ ለካ የሚዘረፈው እኔ ነኝ።» ትንሽ ሄድ ብለው ዞሩና «የነዳት ሁሉ አይረሳትም ያልከው ግን እውነት ነው» አሉት። ይትባረክ ራሱ ሳቀ። ቂም አልያዝንም፤ ወደ ሞጣ ስሄድ ዛሬም ሰላም እንባባላለን።

አባባ ግን ከፍቷቸው ነበር። ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው ሲያመሩ ከኋላቸው ተከተልኩ። «ይቅርብሽ ልጄ» አሉኝ። «አንዷ ዳገት አታውቅም፣ አንዷ ካምቢዮዋ አልቋል። ጎመን በጤና ነው፤ በሰው ፒክአፕሽ ኑሪ።»

ቆምኩ። ሙገሳው ውስጥ ጉድለት ከተደበቀ፣ ነቀፌታው ውስጥስ? ነጯ ቁልቁለት ላይ ያልጮኸችው ምንም የሚይዛት ስላልነበረ ነው። አባባ ራሳቸው መሪ ሲያስጨብጡኝ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሕግ ምን ነበር? «የወጣሽበት ማርሽ ያውርድሽ።» በከባድ፣ ማለትም በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ጎማውን ይዞ ያስቀረዋል። ይዞ ሲያስቀር ደግሞ…

«አባባ፣ በሁለተኛ ማርሽ ስንወርድ የጭነት መኪናችን ምን ትል ነበር?»

«ታጉረመርም…» አሉ አባባ። እግራቸው መንገድ መሐል ቀረ። ከዚያ ያ የታመመ ጉልበታቸው ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ወደ ጨርቅ ተራ ሲሄዱ ልደርስባቸው አልቻልኩም።

መኪናዋን እንሞክራት ስንላቸው ወይዘሮ ዘይነባ ሱቁን ለእህታቸው ትተው ከኋላ ገቡ፤ መኪናዬን ብቻዋን አልልክም አሉ። ወደዚያው ቁልቁለት ወሰድኳት። መሪዋ በእርግጥ ይከብዳል፤ ግን መንገዱን ለእጄ ትነግረዋለች፣ ጠጠሩን፣ ስንጥቁን፣ ሁሉንም። ከመውረጃው አፍ ላይ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ።

አጉረመረመች።

ወፍራም፣ የጠገበ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ። እግሬ ባዶ አየር ላይ ነው፣ እሷ ግን ፍጥነቷን እንደ ያዘች ትወርዳለች። አባባ ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘነበሉ። «ካምቢዮዋ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ካምቢዮ ሲያልቅ ያፏጫል። ይህ ሞተሯ ነው። ይዛን ነው።»

ከኋላ የወይዘሮ ዘይነባ ድምፅ ተሰማ። «ምን አሉ?»

«ይዛናለች ነው ያልኩት፣ እመቤት።»

«ባለቤቴም ልክ እንደዚያ ነበር የሚለኝ» አሉ። «በፈራሁ ቁጥር ‹ይዛናለች፣ አትፍሪ› ይለኝ ነበር። እኔ ሊያጽናናኝ ነበር የመሰለኝ።»

ከሸለቆው ሥር አዙሬ ዳገቱን ጀመርኩ። ቅድም ነጯ የቆመችበትን ቦታ በሦስተኛ ማርሽ እየዘፈነች አለፈችው። ከአንዱ ኩርባ ወጥቼ ሌላው ሲመጣ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከኋላዬ ጆንያ የለም። ማንም «ቀስ በይ» አላለኝም።

ሱቁ በር ላይ አባባ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉና «እጅ ምቱ፣ እኔ ምስክር ነኝ» አሉን። የአባባ እጅ ለዚያ ቀን በቅቶት ነበር። ወይዘሮ ዘይነባና እኔ መዳፍ ለመዳፍ ተማታን። እጄን ሳይለቁ ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ለምን ሥራ ነው?»

ዋሽቼ ለእህል ማለት እችል ነበር። «ለመታጠፍ ነው» አልኳቸው። «ለደስታ።»

ጸበል እስኪሉኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። «እሱም ለዚያ ነበር የገዛት» አሉኝ። «ሰው ሲጠይቀው ለጨርቅ ማመላለሻ ነው ይል ነበር። አንድ ጣቃ ይጭንና ቀኑን ሙሉ ሲዞርባት ይውላል። ሽጦ ሳይሆን ስቆ ነበር የሚመለስ። አላህ ለደስታ ያድርግልሽ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢቸና አቀናን። ወንዙ ጋ ከመድረሳችን በፊት አባባ ሁሉን ነገሩኝ፤ የት ክላክስ እንደሚነፋ፣ የት ከብት እንደሚያቋርጥ፣ የቱ ኩርባ አታላይ እንደ ሆነ። ሁሉንም አውቀው ነበር፤ ግን ሰማኋቸው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ረገጠ። ቀጥሎም ረገጠ። እሷ እያጉረመረመች፣ እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው እያጠፍኩ፣ ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞረችብን ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ወለሉ ጸጥ ማለቱን ልብ አልኩ። ወደ ጎን አየሁ።

ሹፌር ሙላት ተኝተዋል። ባርኔጣቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዷል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ያ ቀኝ እግር ተዘርግቶ እንደ ሕፃን እግር ወደ ጎን ወድቋል።

ብዙ ሰው በሕይወቱ አንድ የምስክር ወረቀት ያገኛል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። የእኔ የሚሰቀል አይደለም፤ ያንኮራፋል። የቀረውን ዳገት እንባዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁና እየሳቅሁ ወጣሁት። ቢቸና ገብተን ስቆም ባነኑ።

«ተኝተው ነበር» አልኳቸው።

«ማን? እኔ? ዓይኔን ከድኜ እየሰማኋት ነበር» አሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር ፈልጋችሁ ከሆነ እኔ ጋ ብዙ የለም። አንድ ነገር ግን ተለውጦብኛል። ሰው አንድን ነገር አሳምሮ ሲያመሰግንልኝ ደስ ይለኛል፣ አደንቃለሁም፤ የጎጃም ሰው ነኝና ቃል አልጠላም። ከዚያ ግን ዳገት እስክናስተዋውቀው እጄን አልሰጥም፤ የትዳር ጠያቂም ቢሆን። ሰው ደግሞ «ያጉረመርማል» ብሎ የሚያማውን ሰው ስሰማ፣ ምናልባት ይዞን ይሆን እላለሁ። ዛሬም በሥራ ቀን የነጋዴውን ፒክአፕ እነዳለሁ፣ ጆንያው ዛሬም «ቀስ በይ» ይለኛል፤ እኔም እታዘዘዋለሁ። እሑድ ግን የእኔ ነው። መኪናዋንም «ጎመን በጤና» ብለን ሰይመናታል፤ ስሙን ያወጡላት አባባ ናቸው፣ ያን ቀን ከአፋቸው ያመለጠውን ለማካካስ መሰለኝ። ለምን ሥራ ነው ሲሉኝም አላፍርም፤ ለመታጠፍ እላለሁ።

ባለፈው እሑድ እትዬ ጥሩዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ጀሪካን ይዘዋል። ወንዙ ሸለቆ ሥር ጸበል አለ አሉኝ፣ መንገድሽ ከሆነ አድርሽኝ አሉኝ። መንገዴ ነበር። አባባ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ወረድን። መጀመሪያ ላይ «በስመ አብ» ሲሉ ሰማኋቸው። ከኩርባ በኋላ ኩርባ ሲመጣ ድምፃቸው ጠፋ። በመስታወቱ ሳያቸው የፊቱን ወንበር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው በርቶ፣ ከመኪናዋ ጋር አብረው ያጋድላሉ።

ጸበሉ በር ላይ ቆምኩ። «ደረስን እትዬ» አልኳቸው።

ጀሪካኑን አላነሱም። በመስኮቱ ወደ ፊት ወደሚቀጥለው መንገድ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ብርቄ» አሉኝ፤ «ከዚህ በኋላ ሌላ ኩርባ የለም?»